ሬዲዮ ያልጠራው ደጃፍ

ሬዲዮ ያልጠራው ቤት የበዓል መብራቱ ከመንገድ አይታይም። አምፖሉ ይበራል፣ ቆጣሪውም ይዞራል። ግቢ ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ቀዩም አረንጓዴውም ደህና ነው። መንገድ ላይ ለቆመ ሰው ግን ጨለማ ነው። ይህ ነገር በከተማችን ከጀመረ ሰነባብቷል፤ አሁን የሚገረምበት የለም።

ድሮ ሁሉም ስለሚጠራ ሁሉም ይታይ ነበር። የከተማችን ሬዲዮ ለገና ዋዜማ ጋዜጠኛ ታምራየሁን በሞተር ብስክሌት ይልከዋል። እሱም በየሰፈሩ ዞሮ ያየውን ይናገራል። «የእገሌ ደጃፍ ዘንድሮ ሰማያዊ ጨምሯል፤ የእገሊት ልጆች ኮከቡን ከቆርቆሮ ቆርጠው ሠርተውታል» ይላል። ሰው ሬዲዮኑን ከብቦ የራሱን ስም ይጠብቃል። ስሙ ሲጠራ ደግሞ እንዳልሰማ ሆኖ ወጡን ያማስላል።

ከዚያ ሰዓቱ እያጠረ መጣ። በመጀመሪያ እንደኛ ያለው ከአስፋልት የራቀ ሰፈር ቀረ። ቦታውን ዘፈንና የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ያዘው። እኛም ምንም አላልንም፤ ለመብራት ብሎ ማን ሬዲዮ ጣቢያ ይሄዳል? አምና ደግሞ መብራቱን ቤቱ ተከተለው። ዛሬ በእኛ ደጅ የሚያልፍ ሰው የሚያየው የባሕር ዛፍ አጥር ብቻ ነው። በሩን የሚያገኘው የዚያ ቤት ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣብን አስፋልት ድረስ ወጥተን እጁን ይዘን እናመጣዋለን። እጁ የተያዘ ሰው ቤቱን ያያል።

የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ቤትም አይታይም። የምንነጋገረው በጓሮ አጥር በኩል ነው።

«ሌባ አላየን፣ ግብር ሰብሳቢ አላየን፣ ምን ጎደለብን?» ይላሉ።

«ይመስገን ነው» እላለሁ።

እውነትም ይመስገን ብዬ እኖር ነበር። ዘንድሮ ግን ለልጃችን ለማስተዋል ሽማግሌ ሊላክ ሆነ።

ማስተዋል አንድ ልጃችን ናት። መድኃኒት ቤት ትሠራለች። እኩዮቿ ሁሉ አግብተው ወልደዋል። እናቷ እልፍነሽ ስለዚህ ጉዳይ ያልተሳለችበት ታቦት የለም። ከፍያለው የሚባል የጎረቤት ወረዳ አስተማሪ መድኃኒት ሊገዛ ገብቶ አያትና፣ ሳያመው ሲመላለስ ከረመ። በመጨረሻ ለገና ዕለት ማታ ሽማግሌ እልካለሁ አለ። ማስተዋልም ለእናቷ፣ እናቷም ለእኔ ነገረችኝ። እኔ የማላውቅ መስዬ እንድጠብቅ ነው ደንቡ።

ሽማግሌ እንደ ሌላ እንግዳ እጁ ተይዞ አይመጣም። የሴት ወገን መንገድ ወጥቶ በዚህ ግቡ ካለ፣ ልጁን እያዞረ ሰጠ ማለት ነው። ነገ በባሏ ወገን ፊት አንገቷን ትደፋለች። ሽማግሌ ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ አንኳኩቶ፣ ቆሞ ነው የሚጠይቀው። ደጅ አጥቶ ከተመለሰ ደግሞ ገዱ አልቀናም ይባላል፤ ሁለተኛ አይላክም።

«እኔ ልቀበላቸውና በጓሮዬ ላሳልፋቸው» አሉ እትዬ ብርቄ። በፊት ለፊት እንዳያመጧቸው የእኛን በር እሳቸውም አያገኙትም።

«ሽማግሌ በጓሮ ይገባል እንዴ እትዬ?»

«አይገባም» አሉ። «በጓሮ የገባ ሽማግሌ የጠፋ በግ ፈላጊ ነው የሚመስለው።»

ስለዚህ ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ሄድኩ። የታምራየሁ ሞተር ከግድግዳ ተደግፋ ጎማዋ ተንፍሷል። እሱ ራሱ ሸብቷል። ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ።

«ታምራየሁ ልጄ፣ ዘንድሮ ቤቴን አንዴ ጥራልኝ።»

«ጋሽ ወንድይፍራው፣ ሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ይመጣል። ለመብራት የተፈቀደልኝ አንድ ቤት ነው።»

«የማን ቤት?»

«የአቶ ዘርጋው።»

የአቶ ዘርጋው ፎቅ ከእኛ ፊት ለፊት ነው። ሠርተው ከጨረሱ ወዲህ አልኖሩበትም። ዘበኛውም ከሄደ ቆይቷል። መብራቱ ሲመሽ በራሱ ይበራል፣ ሲነጋ በራሱ ይጠፋል።

«እዚያ ቤት እኮ ሰው የለም» አልኩት።

«ሰው ባይኖርበትም መብራት አለው። የፕሮግራሙም ስፖንሰር እሳቸው ናቸው።»

«እንግዲያው እሳቸውን ስትጨርስ ‹ፊት ለፊታቸው ያለውም› በል። ሌላ አልፈልግም። የልጄ ነገር ነው።» ስለ ሽማግሌዎቹ ነገርኩት።

ታምራየሁ ዓይኑን አሸ። «ከተመቸኝ እላለሁ» አለ። «ካልተመቸኝ አይቀየሙኝ። የእኔን ቤትም ጠርቶት የሚያውቅ የለም። አሁን አሁንማ የራሴንም በር እየሳትኩ ነው። ባለቤቴ አስፋልት ወጥታ ነው የምትወስደኝ።»

ለዋዜማው መብራቱን አንጠለጠልኩ። ካለፈው ዓመት የተረፉትን አምፖሎች አንድ በአንድ ሞከርኩ፤ የተቃጠሉትን ለየሁ። በበሩ ቅስት ላይ ሳስር እጄ ዛለ። እልፍነሽ መሰላሉን ይዛልኝ ነበር። ከዚያ ገብተን ሬዲዮኑን ከፈትን። ዘፈን ነበር፤ መልእክት ነበር፤ ሌላ ዘፈን ነበር። በመጨረሻ የታምራየሁ ድምፅ መጣ። «በአቶ ዘርጋው ደጃፍ ከጣሪያ እስከ መሬት ነጭ መብራት ወርዷል፤ የሚያምር ነው» አለ። ለመቀጠል ትንፋሽ ሲስብ ሰማነው። ወዲያው የዘይት ማስታወቂያ ገባ።

እልፍነሽ ሬዲዮኑን ዘጋችው።

«እግዚአብሔር ያየዋል» አልኳት።

«እግዚአብሔርማ ያያል። ሽማግሌዎቹ ናቸው የማያዩት።»

በገና ዕለት ፀሐይ እንደገባች ሦስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። እኔ የግቢዬን በር ከፍቼ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። መብራቱ ከራሴ በላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ሽማግሌዎቹ በክንድ ርቀት አልፈውኝ ሄዱ። ተመለሱ። እንደገና አለፉ።

«እዚህ ጋ ነው ያሉን» አሉ ዱላ የያዙት።

«እዚህ ጋማ አጥር ነው።»

«ለልጁ ደውሉለት እስቲ።»

ደወሉ። ከፍያለው ደግሞ ለማስተዋል ደወለ። ስልኳ ከኋላዬ ሲጮህ ሰማሁት።

«በሩ ላይ ናቸው እኮ፣ አያቸዋለሁ» አለችው። አዳመጠችና ወደ እኔ መጣች። «አባባ፣ በር የለም እያሉ ነው። ጥራቸው።»

«አይጠራም ልጄ።»

«እኔ ልጥራቸዋ!»

«አንቺማ ከጠራሽ አበቃ» አለች እናቷ። ክንዷን ያዘቻት።

መጣራት አይፈቀድም እንጂ መሳል አይከለከልም ብዬ ሳልኩ።

«ሰው ሳለ ልበል?» አሉ አንደኛው።

«በግ ነው። ዕድሉ ሆኖ ሳይታረድ የቀረ ይሆናል።»

አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። ደግሜ ሳልጨርስ ዱላ የያዙት ዞር ብለው የአቶ ዘርጋውን ፎቅ አዩ። «ያ መብራት ያለበት መሆን አለበት» አሉ። «ትናንት በሬዲዮም የሰማሁት እሱን ነው።» ሦስቱም መንገዱን ተሻግረው አንኳኩ። የብረት በሩ ተከፈተ። ከፋቹን አላየሁም።

በፎቁ አጥር ፍርግርግ በኩል በረንዳው በደንብ ይታያል። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ከራሳቸው አውርደው ቆሙ። ዱላ የያዙት ለባዶው በረንዳ እጅ ነሱና፣ «ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ደጅ ልንጠና መጥተናል» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው አዳመጡ። አንገታቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነው፣ መመካከር ያስፈልጋል» አሉ። እንደገና አዳመጡ። ከዚያ «ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉና ሦስቱም ተቀመጡ። ሽማግሌ የሚቀመጠው ነገሩ ከቀና ብቻ ነው።

ሲወጡ በእኔ በር በኩል አለፉ።

«ቁጥብ ሰው ናቸው» አሉ አንደኛው።

«ቃል አያበዙም። ጾም ሳይገባ በጥር ይሁን ማለታቸው ደስ ብሎኛል።»

የማስተዋል ስልክ ጮኸ። አንስታ አዳመጠች። «እሺ» አለች። «እኔም ደስ ብሎኛል» አለች። ዘግታው ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«አባትሽ እሺ ብለዋል አለኝ።»

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ቃል ከተሰጠ ተሰጥቷል» አሉ። ማን የሰጠው ቃል እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም፤ እኔም ደክሞኝ አልነገርኳቸውም። ማስተዋል በበኩሏ ለከፍያለው ልታስረዳው ሞከረች። «ሽማግሌዎቹ የገቡት ሌላ ቤት ነው» አለችው። እሱ ሳቀና፣ «ሠርግ ሲደርስ ሁሉም ሴት እንዲህ ትፈራለች» አላት። አስፋልት ላይ ቀጥራው እጁን ይዛ ልታመጣውም አሰበች። ከሠርግ በፊት አማት ቤት አልረግጥም፣ ነውር ነው ብሎ እምቢ አለ። በዚህ አልተቀየምኩትም። የጨዋ ልጅ ነው።

ድግሱን ደገስን። ዘመዱን ሁሉ እጅ እጁን እየያዝን አስገባን። እትዬ ብርቄ ጠላውን በጓሮ አጥር ላይ አቀበሉን። በጥር መጨረሻ እሑድ ማስተዋል ነጭ ለብሳ ሳሎን ተቀመጠች። እኔና እልፍነሽ ደግሞ ልጃችን ስትወጣ ጉልበታችንን እንድትስም በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሚዜዎቿ ሠርገኛ አናስገባም ብለው በሩን ይዘው ጨፈሩ።

የሚገባ ግን አልነበረም። መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ መጡና ለእኛ ጀርባቸውን ሰጥተው በአቶ ዘርጋው በር ላይ ቆሙ። ከፍያለው አበባ ይዞ ወረደ። ወንዶቹ እየዘፈኑ የብረት በሩን ገፉት። እዚያም በር ላይ የሚከለክላቸው ያለ ይመስል ወደፊት ወደኋላ እያሉ ቆዩ። የእኛ ሚዜዎች ከበሮውን ዝቅ አደረጉ።

ማስተዋል ቀሚሷን ሰብስባ ከሳሎን ወጣች። «እሻገራለሁ» አለች። «ነውሩ ይቅር። እጁን ከያዝኩት ያየኛል።»

«ሂጂ» አልኳት። በሕይወቴ ደንብ ስጥስ የመጀመሪያዬ ነው።

ደረጃውን ሳትጨርስ የፎቁ በር ተከፈተ። ሙሽራ ወጣች። ዓይነ ርግቧ ፊቷን ሸፍኖታል። ማስተዋል ባለችበት ቆመች።

«ቁመቷ የኔ ነው» አለች።

«አረማመዷም» አለች እልፍነሽ።

ከፍያለው ሙሽራዋን ሲያይ ፊቱ በራ። ደስታው የእውነት ነበር። እጇን ያዘና ወደ መኪናው ሊመራት ሲል፣ እሷ ቆይ አለችው። በዚያ በረንዳ ላይ ሁለት ባዶ ወንበሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሙሽራዋ ዓይነ ርግቧን ገለጥ አድርጋ በቀኙ ወንበር ፊት ተንበረከከች። አጎንብሳ ሳመች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ዞረች። ዱላ የያዙት ሽማግሌ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

ጉልበቴ ላይ አንድ ሙቅ ነገር አረፈና ተነሳ። እልፍነሽ አጠገቤ እንደመደንገጥ ብላ እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በነጭ ሱሪዬ ጉልበት ላይ ቀይ የከንፈር ቅርጽ አለ፤ ገና እርጥብ ነው።