አትንኪው

"ባሌ የሞተ ሰሞን መጽሐፍ ልገዛ እሳቸው ሱቅ ብሄድ፣ 'አሁን ፊደል አይታይሽም፤ ይቆይሽ' ብለው ስለ ባሕር ወፎች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም እንዳይ አዘዙኝ" አለች ነርሷ፣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ። "ወፎቹን እያየሁ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እስከዚያ ድረስ እንባዬ ደርቆ ነበር።"

አጠገቧ የተቀመጠው ባለታክሲ ራሱን ነቀነቀ። "እኛን የላኩን የግጥም ምሽት ነው። ከሚስቴ ጋር ተኮራርፈን ነበር። ግጥሙስ አልገባኝም፤ ግን አዳራሹ ጢም ብሎ አንድ ወንበር ለሁለት ደረሰን። ተኮራርፎ በአንድ ወንበር እንዴት ይቀመጣል?"

ለቀስተኞቹ ፈገግ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ያሉበት ቤት ትዝ ብሏቸው አቀረቀሩ።

የሟቹ ልጅ ብርጭቆ በትሪ እየሰበሰበች ሁሉንም ትሰማለች። አባቷ መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ሰፈሩ ግን "ሐኪሙ" ይለዋል፤ የሰው ፊት አይቶ መጽሐፍ ያዝዛላ። ከቀብሩ ወዲህ የመጣው ሁሉ የታዘዘለትን እያነሳ ያለቅሳል። እሷ የምታነሳው የላትም። ለአላፊ አግዳሚው ሲመርጥ የኖረ ሰው፣ ለገዛ ልጁ አንድ ቀን "ይህን አንብቢ" ብሎ አያውቅም። ከሞቱ እኩል የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ደግሞ ለለቀስተኛ የሚነገር አይደለም።

ለእሷ የነበረው ቃል አንድ ነው፤ "አትንኪው"። ከሱቅ ሲመለስ አንዱን መጽሐፍ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጥና፣ "እምቢዬ፣ ይሄ ላንቺ አይሆንም" ይላታል። እምቢዬ ያላት እሱ ነው፤ ብዪ ሲሏት የማትበላ፣ ተኚ ሲሏት የማትተኛ ልጅ ነበረች። ዞር ሲልላት ወንበር ላይ ትወጣለች፣ መጽሐፉን ቀሚሷ ሥር ትሸጉጣለች፣ እሱ ጋዜጣ በሚያነብበት ወንበር አጠገብ በእግር ጣቷ ታልፋለች። አንድም ቀን ቀና ብሎ አላያትም። ሰንበት ብሎ ራት ላይ ስለዚያው መጽሐፍ እንደ ዘበት ያነሳል፤ እሷም ተከልክላ እንደነበር ትረሳና ትሟገተዋለች። ሙግታቸው እናቷን ያሰለቻት ነበር።

ታሞም አልተወም። "ያን ሰማያዊውን አደራ፣ እንዳትነኪው" አላት። እሷ ግን አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ የታመመ ሰው ቃል ነው ብላ አልነካችም። ሆስፒታል ልትጠይቀው ስትሄድ ከሰላምታ በፊት ያነሳው እሱን ነው።

"ሰማያዊውን ነካሽው?"

"አልነካሁም አባዬ። ሙት።"

ቃሉ ካፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠች። እሱ ግን ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው አዞረ። "ጎበዝ" አለ። ደስ ያሰኘችው መሰላት።

ለቀስተኛው ሲበተን የሱቁ ጎረቤት ልብስ ሰፊው ወደ ኋላ ቀረ። ከአባቷ ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ነው።

"አንቺስ ልጄ፣ የመጨረሻውን ወደድሽው?"

"የቱን ጋሼ?"

"ሰማያዊውን ነዋ። ስንት ሱቅ ዞሮ ነው ያገኘው መሰለሽ? 'አባቷ ስለሞተባት ሴት ነው፤ እኔ ስሄድ ይሆናታል። ምናለ ቀድመን አብረን ብንሟገትበት' ይለኝ ነበር።"

"አትንኪው ብሎኝ እኮ ነው።"

ልብስ ሰፊው ግራ ገብቶት አያት። "መቼ ንኪው ብሎሽ ያውቃል? 'አንብቢ ካልኳት አታነብም፤ የኔ ልጅ የሚሆንላት ስትከለከል ነው' እያለ ሲስቅ ኖረ። ሰርቀሽ ስታልፊ እንዳትደነግጪ ብሎ የሚያነብ ሲመስል፣ አንዳንዴ በጥድፊያ ጋዜጣውን ገልብጦ ይይዘው ነበር አሉ።"

ከነትሪው ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሙሉ እምቢ ብላ፣ የታዘዘችው ያቺን አንዲት ጊዜ ነው።

"እየጠበቀኝ ነበር" አለች። "እኔ ደግሞ ጎበዝ ሲለኝ ደስ አለኝ።"

እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እናቷ ከጓዳ ሮጣ መጣችና አቀፈቻት።

ቤቱ ጭር ሲል ወንበር ጎትታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። ቁመቷ ይደርስ ነበር፤ እሷ ግን ወንበሩ ላይ ወጣች። ሰማያዊውን አወረደችና ጥቁር ሻርፗ ሥር ሸጎጠችው። የአባቷ ባዶ ወንበር አጠገብ ስትደርስ ጫማዋን አወለቀች፤ ትንፋሿንም ዋጥ አድርጋ በእግር ጣቷ አለፈች።