ግራኙ ያፈሰሰው ውሃ

መምህር ጉናዶጅ ባስኔት ኩኩሪ የሚባሉ ሃያ ስድስት ትልልቅ ቢላዎች አሉት። ሁሉም ከአንድ እጅ፣ ከታክሳር መንደር ግራኝ ቀጥቃጭ ምድጃ የወጡ ናቸው። ወገባቸው ጎበጥ፣ ሆዳቸው ሰፋ ያለ፣ እጀታቸው የጎሽ ቀንድ፤ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰልፈው ተሰቅለዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ በአንድ እያወረደ የሰናፍጭ ዘይት ይቀባቸዋል። ሚስቱ ቢሽኑማያ፣ «እኔን በሠላሳ አምስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አሽተኸኝ አታውቅም» ትለዋለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ውልወላውን ይቀጥላል።

በአንዳቸውም አርዶ አያውቅም። ጎረቤት ይህን እያነሳ ይስቅበታል፤ ይሳቅ። መምህሩ የሚሰበስበው ስለት ሳይሆን የሰውየውን እጅ ነው። አርባ ዓመት የልጆች ደብተር ያረመ ሰው፣ ስም ባይጻፍበትም የማን ጽሕፈት እንደሆነ ያውቃል፤ ብረቱንም እንደዚያው ያነበዋል። ሃያ ሰባተኛውን በሚያዝያ አዘዘ፤ ከአሮጌ ጭነት መኪና ባሌስትራ የሚሠራ፣ ከሁሉም የሚረዝም። የዳሻይን በዓል ሲቃረብ ሊወስድ ወረደ። ሽማግሌው ወናፉን ትቶ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ዳይ፣ አልደረሰም እንዴ?» አለው መምህሩ። ከእሱ ለሚበልጥ ወንድ ሁሉ «ዳይ»፣ ወንድም ጋሼ እንደማለት፣ ነው የሚለው።

«ደርሶ ነበር፣ መምህር። ኡታም ገባ፣ አየው፣ ወሰደው። ምን ልበል?»

ኡታም ፕራዳን ገበያው መሀል ባለ መስታወት ሱቅ ያለው ነጋዴ ነው። ከጓሮው ሦስት ቀጥቃጮች ያሠራል፤ ደህና ደህናውን ግን ከግራኙ ይወስድና የራሱን ማኅተም ይመታበታል። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። መምህሩ በንዴት ጦፎ ወደ ቤቱ ወጣ፤ ያን ቀን ሩዙ እንኳ አልወርድ አለው።

ንዴቱ ስለ ቢላዋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ያልፍለት ነበር። ዘንድሮ ግን ከተማው ውድድር አውጥቷል። የበለጠውን ኩኩሪ የሠራ ሰው ስሙ አዲሱ የገበያ በር ድንጋይ ላይ ይቀረጻል። ግራኙ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዓይኑም እየደከመ ነው። ይህ ቀን ካለፈው ሌላ ድንጋይ አይጠብቀውም።

በውድድሩ ዕለት መምህሩ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ረጅሙን ጠረጴዛ አየ። ያ የባሌስትራ ልጅ፣ ሃያ ሰባተኛው ኩኩሪ፣ ከኡታም አራት ቢላዎች ጎን ተጋድሟል፤ ጀርባው ላይ የሱቁ ማኅተም ተመትቶበታል። የዳኞቹ ሰብሳቢ፣ ዲልኩማሪ ራይ የምትባል ጡረተኛ ነርስ፣ አንስታ እያገላበጠች ታደንቀው ነበር። ግራኙ ደግሞ ጃንጥላውን ይዞ ከደጅ ቆሟል። ድንኳኑ ውስጥ ሴል የሚባለው የበዓል ዳቦ ይጠበሳልና፣ ምግብ ያረክሳል የሚባለው የቀጥቃጭ ዘር አይገባም። ዕድሜውን እሳት ላይ የፈጀ ሰው፣ ከሰው ምድጃ አጠገብ ድርሽ አይልም። መምህሩ ይህን ስንት ዓመት እያየ አልፎታል፤ ዛሬ ግን አንገበገበው።

«ይህን የሠራው እሱ ነው» አለ፣ ወደ ደጅ እያመለከተ።

ኡታም ፈገግ አለ። መምህሩ ስለ ቅርጹ፣ ከእጀታው በላይ ስላለችው ስርጉድ ብዙ አስረዳ። ነጋዴው እያንዳንዱን ነገር ማንም ይኮርጀዋል እያለ አፈረሰበት። ሰዉም ሳቀ። ዲልኩማሪ በትሕትና፣ ማስረጃ ከሌለ ማኅተሙን ለማመን እንደምትገደድ ነገረችው። መምህሩ ፊቱ እንደ ፍም ቀላ።

ያኔ ነው የሽማግሌው አሠራር የታወሰው። ግራኙ የጋለውን ብረት በርሜል ውስጥ አይነክርም፤ በሻይ ማንቆርቆሪያ ስለቱን ብቻ ውሃ ያጠጣል። ሌላው ቀጥቃጭ ሁሉ ጉጠቱን በግራ፣ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ ይዞ ከእጀታው በኩል ይጀምራል። እሱ ግን ማንቆርቆሪያውን የሚይዘው በግራው ነው፤ የሚጀምረውም ከጫፉ ነው። ውሃው ደግሞ የሚበዛው ከሚጀመርበት በኩል ነው። በልጅነቱ አባቱ ግራ እጁን በጉጠት እየመታ ሊያስተወው ሞክሮ አቅቶታል።

«ሎሚ አምጡልኝ» አለ መምህሩ።

«ምሳ ደርሷል እንዴ?» አለ ኡታም፤ እንደገና ተሳቀ።

ከደጅ የነበረች አንዲት አትክልት ሻጭ ሎሚ ሰጠችው። መምህሩ ቆርጦ የኡታምን አራት ቢላዎች በየተራ አሸ። ውሃ የነካው ብረት ጠቆረ፣ ያልነካው ነጣ፤ በመካከላቸው ግልጽ መስመር ወጣ። በአራቱም ጥቁሩ ከእጀታው በኩል ሰፍቶ ወደ ጫፉ እየጠበበ ሄደ። ከዚያ አምስተኛውን አሸ። ጥቁሩ ከጫፉ ሰፍቶ ጀመረ። ይስቁ የነበሩት ተጠግተው አዩ።

ኡታም ያ የአጋጣሚ ነገር ነው ብሎ ሊከራከር አፉን ሲከፍት ቢሽኑማያ ደረሰች። ክርክሩ ሲጀመር ነበር ሳትናገር ወደ ቤት የሮጠችው። ከነጠላዋ ሥር ሁለት ኩኩሪ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ሃያ ዓመት ሲቀቡ ኖረዋል» አለች እያለከለከች፤ «ዛሬ ደግሞ ይሥሩ።»

ታሹ። ሁለቱም ከጫፍ ጀመሩ። ዲልኩማሪ ወደ ኡታም ዞራ፣ ከሠራተኞቹ መካከል ግራኝ ካለ አሁኑኑ እንዲጠራው ጠየቀችው። ኡታም ማንንም አልጠራም። ሱቁን ክፍት ትቶ እንደመጣ ተናገረና ሕዝቡን እየገፋ ወጣ። የመምህሩ አንጀት ቅቤ ጠጣ፤ ሃምሳ ዓመት የወረደለት መሰለው።

ዲልኩማሪ አሸናፊው ግራኙ መሆኑን አውጃ በራሷ እጅ ሽማግሌውን ከደጅ ይዛ አስገባችው። ሴል የምትጠብሰው ሴትዮ አንድ ጊዜ ቀና አለች፤ ከዚያ መጥበሷን ቀጠለች። ድንጋይ ጠራቢው መሮውን አንስቶ ማን ብሎ እንደሚቀርጽ ጠየቀ።

«ግራኙ!» አሉ ከኋላ የቆሙት።

«ግራኝማ ስም አይደለም። ስሙ ማን ነው?» አለ ጠራቢው፣ መምህሩን እያየ። ሁሉም መምህሩን አየ፤ ሃያ ስድስት ቢላዎች ያሉት እሱ ነዋ።

ጉናዶጅ አፉን ከፈተ። የሰውየውን የመዶሻ ምት ያውቃል፤ ስሙን ግን አያውቅም። በሃያ ዓመት ውስጥ ጠይቆት አያውቅም። እፍረቱ ከእግር እስከ ራሱ ወረረው።

«ዳይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ቀስ ብሎ። አንቱ ሲለው የመጀመሪያው ነበር። «ስምዎን ይንገሩን።»

ሽማግሌው ጃንጥላውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጃስቢር» አለ። በደንብ ያልተሰማ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገና ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ደገመው። «ጃስቢር ቢሽወካርማ!»

መምህሩ ፊደል ፊደሉን ለጠራቢው ነገረው። ድንጋዩ ተቀርጾ አቧራው ሲጠረግ ሽማግሌው ጣቱን ቅርጹ ውስጥ አስገብቶ ዳር እስከ ዳር ዳሰሰው።

«እኔ ማንበብ አልችልም፣ መምህር» አለው። «እስኪ እርስዎ ያንብቡልኝ።»

ጉናዶጅም ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበለት።