ጨዋ በሽታ

ባሌ መጠጥ ሊያቆም ሆስፒታል ሲተኛ፣ በሽታውን የመረጡለት አጎቱ ናቸው። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ስለሆኑ፣ በዚህ ቤተሰብ ያለ እሳቸው ፈቃድ መታመም እንኳ አይቻልም። «የኩላሊት ጠጠር ነው በሉ» አሉ፣ እግራቸውን አነባብረው። አማቴ ጠጠሩን ወዲያው ወደዱት። ጉበት ቢባል ሐሜት ያመጣል፤ ጠጠር ግን የጨዋ ልጅ በሽታ ነው።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ቤት ውስጥ ለማቆም ሞክሮ ነበር፤ «ወንድ ልጅ ከቆረጠ ቆረጠ ነው» ብለው የመከሩትም እኚሁ አጎቱ ናቸው። እጁ መርፌ መያዝ እስኪያቅተው ተንቀጠቀጠ። ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ይታየው ጀመር። በመጨረሻ ወጥ ቤት ወለል ላይ ወድቆ ሲንፈራገጥ ያገኘሁት እኔ ነኝ። መካሪው ያን ቀን ስልካቸውን አላነሱም።

ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው ያለ ሐኪም በአንዴ ሲያቆም ሊሞት ይችላል አለችን። አስተኝተውት ነርሶቹ የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን እየለኩ፣ የሚያረጋጋውን መድኃኒት ቀስ በቀስ እየቀነሱ፣ ላቡም መንቀጥቀጡም ተወው። ሲወጣ ሐኪሟ ሁላችንንም ሰብስባ፣ «ሰውነቱ ከአልኮል ጸድቷል» አለች። «ዋናው ሥራ ግን ገና አሁን ነው የሚጀመረው። ለምክር አገልግሎት ይመላለሳል። አንድ ብርጭቆ ከቀመሰ ወደነበረበት ሊመለስ ይችላል።»

አማቴ ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ጸድቷል» የምትለዋን ብቻ ነው። የምክሩን ነገር ደግሞ አጎቱ ባጭሩ ዘጉት። «ለጠጠር ምን ምክር ያስፈልገዋል?» አሉ። ሰውየው የገዛ ውሸታቸውን አምነው ቁጭ ብለዋል።

እሁድ ከሰዓት ጠያቂ መጣ። ከባሌ ሱቅ ጎን የሚሠራው በያጅ ቢራ በፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። የተነገረው ጠጠር ነው፤ ለጠጠር ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ የሚያዘው ቢራ ነው። «ጠራርጎ ነው የሚያወጣልህ» አለና ቀድቶ ለባሌ አስጨበጠው።

አጎቱን አየኋቸው። «እንደሱ ሲባል እሰማለሁ» አሉና ኮርኒሱን ይመረምሩ ጀመር። አማቴ የተስተካከለውን የጠረጴዛ ልብስ እንደገና አስተካከሉ። ብድግ ስል ቀሚሴን ይዘው አስቀመጡኝ። ልጃቸው ሰው ፊት ከሚዋረድ ቢጠጣ ይሻላቸዋል። ጠላኋቸው፤ ሁለቱንም።

ባሌ ብርጭቆውን ይዞ አረፋውን ያያል። እጁ አይንቀጠቀጥም። ምራቁን ሲውጥ አየሁት። ከዚያ ብርጭቆውን ከራሱ አርቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ጠጠር የለብኝም» አለ። «መጠጥ ነው ያሳመመኝ። ሆስፒታል የተኛሁትም እሱን ላቆም ነው። ይሄን ከጠጣሁ አለቀልኝ።»

አጎቱ ሳቁ። «ይቀልዳል።»

«አልቀልድም ጋሼ። ነገም ወደ ምክሩ እሄዳለሁ።»

አማቴ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ሰው ምን ይላል?»

በያጁ ጠርሙሶቹን ወደ ፌስታሉ እየመለሰ፣ «ምን ይላል እማማ? የማያውቅ አለ እንዴ?» አለ። «እኔ ራሴ ስንቴ ደግፌ በዚህ በር አስገብቼዋለሁ።»

ይሄኔ ደሜ ፈላ። «ታዲያ እያወቅክ ነው የቀዳህለት?»

ዓይኑን ከእኔ አሸሸ። «ጠጠር ነው አላችሁን። ምን ላድርግ፣ ላሳፍራችሁ?»