ከኾሩ ማዶ ያሉ ድምፆች

ረፊቃ ድልድዩን ያየችው በሕልሟ ነው። ክረምት ክረምት ጢም ብሎ መንደራቸውን ለሁለት የሚከፍለው የክረምት ወንዝ፣ ኾሩ ላይ፣ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ተዘርግቷል። ከምን እንደተሠራ አታውቅም፤ ሕልም መሐንዲስ አይጠይቅም። ከታች ውሃው እያጓራ ይወርዳል፤ ከላይ እህቷ ሩፊዳ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ቀስ እያለች ትሻገራለች። ረፊቃ ሁልጊዜ የምትነቃው ሩፊዳ መሃሉ ላይ ስትደርስ ነው።

በውኑ ድልድይ አልነበረም። ባለፈው ክረምት ሩፊዳን ምጥ ሲይዛት፣ ውሃው እስኪጎድል ከማዶ ትራክተር ተሳቢ ላይ ተኝታ ጠበቀች። አዋላጇ ፈንቴ ደግሞ ከወዲህ ዳር ጓንቷን እንዳጠለቀች ቆማ ጠበቀች። ውሃው ወደ ማታ ጎደለ። ሩፊዳ ግን ከነልጇ ቀድማው ሄዳ ነበር።

በጥቅምት ለወረዳው ምክር ቤት የማሟያ ምርጫ ሲታወጅ፣ ያቺው ፈንቴ ድልድይ አሠራለሁ ብላ ተወዳደረች። ረፊቃም ከኮኪት መንገድ ዳር ያለውን ሱቋን ዘግታ ልትቀሰቅስላት ተነሣች። ለእህቷ ሐዘን እንኳ ከሦስት ቀን በላይ ያልተዘጋ ሱቅ ነው። የፈንቴ ተፎካካሪ ገበያውን ጠጠር አለብሳለሁ ባይ ስለነበር የወዲህ ዳር ሰው ልቡ ወደ እሱ አደላ። ነገሩ ሁሉ ከኾሩ ማዶ ባሉት ድምፆች ላይ ተንጠለጠለ።

ረፊቃ ሦስት ሳምንት ሙሉ ማዶ እየተሻገረች የሰሊጥ ማሳ ለማሳ ዞረች። ቆላው ደግሞ በጠራራ ፀሐይ ሕልም ያሳያል። አድማሱ ከሙቀቱ የተነሣ ይንቀጠቀጣል፤ አጫጆቹ ከሩቅ ሲታዩ እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም። ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የወረዱት ሳሉጎች ማጭዳቸውን ጥለው ይከቧታል።

“ድልድዩ ከብት ያሻግራል?” ይሏታል።

“ያሻግራል! መደገፊያም አለው!” ትላለች፣ ሳታፍር።

ስትነግራቸው ስትነግራቸው፣ ድልድዩን በሕልሟ ይሁን በውኗ ያየችው ለራሷም ተምታታባት። እጁን አውጥቶ ቃል የገባላትን ሁሉ በመቁጠሪያዋ በሙስበሃዋ ፍሬ ትቆጥር ነበርና፣ ዘጠና ሁለት ላይ ስትደርስ አልሐምዱሊላህ ብላ ተነፈሰች።

ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ከወዲህ ዳር ያለው የምርጫ ጣቢያ ኃላፊ መምህር አብዱረሕማን ሰማ። “ረፊቃ፣ ምን ነካሽ?” አላት። “ሳሉጎቹ የተመዘገቡት በየአገራቸው ነው። እዚህ አይመርጡም እኮ።”

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። መሳቅ ለሚፈልግ ሰው ነገሩ ይመቻል። ግን በጥቅምት ቆላ ውስጥ ሰው ማለት ሳሉግ ነው፤ ማሳውን የሞላው እሱ፣ ገበያውን የሞላው እሱ። የምርጫ ካርድ ያላቸው ባለ ትንንሽ ማሳዎች በየጥጋቸው ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ያጭዱ ነበር፤ ረፊቃም አጠገባቸው እያለፈች አላየቻቸውም።

ወደ እነሱ ሮጠች። ዘሀቢያ የተባለችው ባለ ማሳ ቀና እንኳ አላለችም። “ሰሊጡ አፉን ከፍቷል። አንድ ቀን ከዘለልኩት ፍሬው መሬት ላይ ነው። ለወረቀት ብዬ ልጆቼን ላስርብ?” ሁሉም እንዲያው አሏት። ደግሞ እውነታቸውን ነው፤ የበለጠ ያቃጠላትም እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ በምርጫው ዋዜማ፣ ሳሉጎቹ ዳስ ሄደች። የነዘሀቢያን መልስ ነገረቻቸው፤ ይቅርታ ብላ ልትመለስ ነበር። ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ድልድዩ ስታወራ አንድ ቀን ያላነሣቻት ሩፊዳ ከአፏ ወጣች። ከዚያ ማቆም አልቻለችም፤ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ሰዎቹ አቀረቀሩ።

በዕድሜ የሚበልጧቸው የጎጃሙ ቢሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ነገ ሰንበት ነው፣ እቴ። እኛ በሰንበት ለገንዘብ ማጭድ አናነሣም።”

“አውቃለሁ፣ ጋሼ። ምንም ልጠይቅዎ አልመጣሁም።”

“አላስጨረስሽኝም። ለገንዘብ ነው ያልሁት። አዝመራው ለሚጠፋበት ደካማ ግን በኛ አገር በበዓልም ደቦ ይወጣል። ጽድቅ ነው።”

“ዘሀቢያ ደካማ ናት?” አለ አንዱ የወሎ ልጅ። “ትናንት ሐብሐቧን ነካህ ብላ ስታባርረኝ እንደ ፈረስ ነበር የምትጋልበው!”

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ቢሻው ግን አልሳቁም። “ነገ ደካማ ናት” አሉ። “ሁለት ቦታ መገኘት አትችልም።”

እሑድ ጎህ ሲቀድ ሳሉጎቹ እየዘፈኑ በየማሳው ገቡ። ባለ ማሳዎቹ ግራ ተጋብተው ቆሙ፤ ሳሉጎቹ ማጭዳቸውን ከእጃቸው ወስደው ወደ ምርጫው ሸኟቸው። ዘሀቢያ ሁለት ጊዜ ተመልሳ ነዶ አስተሳሰራቸውን ተቆጥታ፣ በሦስተኛው ሄደች። ረፊቃ ከወዲህ ዳር ቆማ፣ በማለዳው ጭጋግ ውስጥ ሰዎች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እስከ ቁርጭምጭሚት የጎደለውን ኾር ሲሻገሩ አየች። ድምፃቸው አይሰማም፤ ከዚህም ከዚያም ብቅ ብቅ ይላሉ። ዐይኗን አሸች። አሁንም እየመጡ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ውጤቱ በጣቢያው በር ላይ ተለጠፈ። ፈንቴ በስድስት ድምፅ ብልጫ አሸንፋለች። እልልታው ቀለጠ። ሳሉጎቹ የራሳቸው ልጅ የተዳረች ያህል ጨፈሩ።

“ከማዶ ከተመዘገቡት የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው” አለ መምህር አብዱረሕማን።

ረፊቃ በደስታ ሰክራ ነበር። “ማነው እሱ ሰነፍ? ስሙን ይንገሩኝ! ቤቱ ድረስ ሄጄ ነው የማፋጥጠው!”

“ተይው፣ ረፊቃ።”

“አልተውም!”

መምህሩ መዝገቡን ወደ እሷ አዞረና ጣቱን አሳረፈበት። መዝገቡ ያምናው ነበር። ከስሙ ጎን የፊርማው ቦታ ባዶ ነው፦ ሩፊዳ።

እልልታው ከበሩ ወደ ኋላ እየተቀባበለ ጸጥ አለ። መምህር አብዱረሕማን እስክሪብቶውን አነሣ። “ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ” አላት ቀስ ብሎ። “ምን ልበል?”

ረፊቃ ስሙን በጣቷ ዳበሰችው።

“ልትመጣ ነበር ይበሉ፤ ውሃው ነው ያስቀራት።”