የማያና ጉድጓድ በብርጭቆ

ታቦካይ ከአውስትራሊያ የወይን እርሻ ሲመለሱ ወደ ማያና ደሴት ይዘው የመጡት ከረሜላ ብቻ አልነበረም። የውሃ መሳቢያ ሞተርና ረጅም ቱቦም ነበረበት። «እዚያ ውሃ ባነሰ ቁጥር ወደ ታች ነው የሚኬደው» አሉና የቤተሰቡን ጉድጓድ በጥልቀት ሲያስቆፍሩ ሰነበቱ።

ድርቁ ጠንቶ ነበርና ሰው ሁሉ ደስ አለው። አንጀቷ ያረረው የታናሽ ወንድማቸው ልጅ አሪቲታ ብቻ ነች። ከጉድጓዱ አጠገብ የእናቷ ባባይ የሚባለው ሥሩ የሚበላ ተክል አለ። ጉድጓዱ ጠልቆ ከደሴቷ ሥር ያለው የባሕር ጨው ከገባበት ለድግስ ስንት ዓመት የተጠበቀው ሥር ይበሰብሳል፤ እነሱም የሚጠጡት ያጣሉ። አባቷ ካውቱም ይህን አያጡትም። ግን ታላቅ ወንድም ተናግሮ ታናሽ ሊመልስ? ልጅማ ጭራሽ! መጠጥ ከማቅረብ ግን ማንም አይከለክላትም።

ወጥ ቤት ስትገባ የወንድሟ ሚስት ሩቲያና በሩ ላይ ቆማ ሳቀች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልታበላሺ ነው? ባለፈው ጨው በጠገበ ውሃ ላይ እንቁላል አንሳፍፋለሁ ብለሽ ቁርስ አሳጥተሽናል!»

«ተንሳፈፈ አልተንሳፈፈም?»

«ተንሳፈፈ።»

«እንግዲያው አፍሽን ዝጊና ማንኪያ አቀብዪኝ።»

ረጅም ብርጭቆ እስከ ግማሹ የባሕር ውሃ ሞላች፤ እንዲለይም የተረፈ ሻይ ጠብ አደረገችበት። በላዩ የዝናብ ውሃ ስታፈስ ቸኮለችና ሁሉም ተደባለቀ። ደፋችው። ሁለተኛውን በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ እያለች አወረደችው። ያኔ ንጹሑ ውሃ ከቡናማው በላይ ጸጥ ብሎ ተኛ። ለመምጠጫ ውስጡ ክፍት የሆነ የፓፓያ ቅጠል አገዳ ቆርጣ ይዛ ወጣች።

ታቦካይ ሞተሩን ሊያስነሱ ገመዱን ጨብጠዋል።

«አባባ፣ መጀመሪያ ይጠጡ። ከላይ ከላይ፣ ቀስ ብለው።»

«ይሄ ሥሩ የጠቆረው ደግሞ ምን ጉድ ነው?» አሉ። የቀረበ መጠጥ አይመለስምና ቀመሱት። «ተባረኪ! የዝናብ ውሃ ነው።» ጠምቷቸው ስለነበር አገዳውን ወደ ታች ገፍተው በኃይል ሳቡና ወዲያው ተፉት።

«ጨው! ማነው የጨመረበት?»

«ማንም፣ አባባ። ከመጀመሪያውም ከታች ነበር።»

ተከትላት የወጣችው ሩቲያና ሳቋን ዋጠች። ታቦካይ ብርጭቆውን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው አዩት፤ ሙሉ በሙሉ ደፍርሷል።

«ከላይ የነበረውን መልሺልኝ።»

«አይመለስም። ይሄን ደፍቼ ሌላ ነው የምሞላልዎት።»

«ጉድጓዱስ?»

«ጉድጓዱንማ ወዴት እደፋዋለሁ?»

ሽማግሌው ባሕር አሻግረው ያመጡትን ቱቦ ብዙ አዩት። የሞተሩንም ገመድ ለቀቁና አጠገባቸው ወደቆመው ወንድማቸው ዞሩ።

«ካውቱ! ይሄን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ አፍህን ምን ዘጋው?»

«ወንድም ጋሼ፣ ታላቄ ነዎት።»

«ታላቅህ ነኝ» አሉ ታቦካይ። «እንግዲያው ታዘዘኝ። መጋዝ አምጣና ይሄን ቱቦ አሳጥርልኝ።»