ጅራቱ የተቦጨቀው ዓሣ

በእኛ ሰፈር ትልቅ ዓሣ የያዘ ሰው ዓሣውን ቀለም ይቀባና ወረቀት ላይ ያትመዋል፤ ወረቀቱም መንጠቆ መሸጫው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በጥር ብርድ ወንዙ ባሕር የሚገባበት ቦታ ሳምንት ሙሉ ስገተር ከርሜ፣ እሁድ የኔም ተሰቀለ። ሰኞ ብመጣ ጎረቤቴ ሃቺያ ከጎኑ የራሱን ሰቅሏል፤ ጅራቱ ልክ እንደኔው ተቦጭቋል። ለካ እሁድ «እስቲ ልየው» ብሎ ዓሣዬን ቤቱ የወሰደው ለዚህ ኖሯል። ደሜ ፈላ።

«አንተ ሌባ፣ ይሄ የኔ ዓሣ ነው» አልኩት።

«ባሕሩ ውስጥ ጅራቱ የተቦጨቀ ዓሣ አንድ ብቻ ነው እንዴ?» አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ስንጨቃጨቅ ዓሣ ሻጯ እትዬ ቶኩኤ ገቡ። ወረቀቶቹን አየት አደረጉና ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቅዳሜ ስሸጥልህ፣ ጅራቱን ድመቴ ቦጭቃዋለች ብዬ ቀንሼልህ የለ?»