እትዬ ክርና አስመሳዩ ኮምፒውተር

አሮጌው ኮምፒውተር ሰኞ ጠዋት ሞተ። ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ፤ አንዴ «እህ» አለና ጸጥ። የሹራብ ቤቱ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። እትዬ ክር ግን ከንፈር መምጠጡንም ረሳችው።

እትዬ ክር የሹራብ ቤቱ ዲዛይን ሠሪ ናት። ስሙን ያወጡላት ሹራብ ሠሪዎቹ ናቸው፤ ለቅጥነቷም ለወሬዋም፤ አንዴ ከጀመረች እንዲህ በቀላሉ አትበጠስም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ የትምህርት ቤት አርማ፣ አበባ፣ ወፍ እየሣለች በሽቦ ወደ ሹራብ መሥሪያው ማሽን ስትልክ ኖራለች። ፕሮግራሙም እንደ እሷው የድሮ ነው፤ አዲስ ኮምፒውተር ላይ ልጫንህ ቢሉት እምቢ ብሎ ነው የሚያኮርፈው።

የቤቱ ጌታ፣ ከጀርባው «አባ ቶሎ» የሚሉት፣ መጥቶ አየ።

«ሞተ? በቃ፣ አዲስ ፕሮግራም እንገዛለን። የሚስቴ እህት ተምራዋለች። አንቺም እረፊ እትዬ፣ ደክሞሻል።»

«ደክሞኛል ብዬ ነገርኩዎት?»

«አልነገርሽኝም፣ ግን…»

«እንግዲያው አልደከመኝም።»

«እሺ፣ እስከ ዓርብ። የታዘዘው የትምህርት ቤት አርማ ዓርብ ካልደረሰ ወንበሩን ትለቂያለሽ።»

ይህችን የሚስቱን እህት ሴቶቹ «እሜቴ ሽቶ» ነው የሚሏት። እሷ ከበር ሳትደርስ ሽታዋ ገብቶ ይቀመጣል። አራት መሥሪያ ቤት ገብታ አንዱም ጋ ዓመት አልደፈነችም ይባላል። የሚባለውን ነው የምላችሁ እንግዲህ፤ ከሰው አፍ ማን ያመልጣል?

እትዬ ክር ሽርጧን ሳትፈታ፣ ሟቹን ታቅፋ የእህቷ ልጅ ጋ በረረች። ልጅቷ ኮምፒውተር መጠገኛ ቤት ነው የምትሠራው። የሟቹን ሆድ ዕቃ አውጥታ ዲዛይኖቹን ሁሉ አተረፈችና፣ አዲስ ላፕቶፕ ላይ ኢሙሌተር የሚባል ነገር ጫነች።

«ምንድን ነው ደግሞ እሱ?»

«አዲሱን ኮምፒውተር አሮጌ የሚያስመስል ፕሮግራም ነው፣ አክስቴ። ያንቺ ፕሮግራም እዚያ ውስጥ ሲገባ ድሮ ቤቱ ያለ ይመስለዋል።»

«አስመሳይ በይኛ! እሱማ አዲሴ አይደለም፤ ከአጎትሽ ጋር ስንት ዓመት…»

«አክስቴ!»

እውነትም ያ የድሮ ፕሮግራም ቦግ ብሎ በራ። ግን ዙሪያውን አሥራ ሰባት ጥቃቅን ሥዕል ከቦታል። ማውሱ አንዴ ከገባ፣ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ካልተጫኑለት አይወጣም፤ ምሳ ደርሶበት እንደማይሄድ እንግዳ። አንዷ ሥዕል ካሜራ ናት። እትዬ ክር ፀጉሯን በመዳፏ አስተኛች፣ ፈገግ አለችና ተጫነቻት። ፎቶዋ አልወጣም። ለካ ካሜራዋ የምታነሣው ሰው ሳይሆን ኮምፒውተሩ በዚያች ሰዓት የቆመበትን ነው፤ አጠገቧ ያለችው የታጠፈች ቀስት ደግሞ ወደዚያች ሰዓት ትመልሰዋለች። ማክሰኞ ማታ እትዬ ክር ቀስቲቱን ነካቻት፤ የቀን ሙሉ ሥራዋ ውኃ በላው።

ረቡዕ ልጅቷ የኢሙሌተሩን ፊት አሳመረችው። ሥዕሎቹን በትልልቁ አደረገች፣ ቀለም ቀባች፣ ከሥራቸው ጻፈችባቸው።

«እንዴት ነው?»

«የከረሜላ መደብ ይመስላል።» ብላ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ እንደገና ቀስቲቱን ተጫነች፤ እንደገና ጠፋ።

ልጅቷ ተቆጣች። «ተጽፎበታል እኮ! ለምን ነካሽው?»

«አላስቀመጠልኝም መስሎኝ ነዋ! ዝም ሲለኝ ያገኘሁትን ተጫንኩ።»

«መቼ ዝም አለሽ?»

እትዬ ክርም አላወቀችውም። ልጅቷ ሐሙስ ጠዋት ሹራብ ቤቱ መጥታ አፏን ይዛ ከጀርባዋ ተቀመጠች። አክስቷ ሠራች፣ «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች፣ ከዚያ ጆሮዋን ወደ ላፕቶፑ ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። ጠበቀች። እጇ ወደ ቀስቲቱ ሄደ።

«ቁሚ! ምን እየሰማሽ ነው?»

«ሲያጉረመርም ነዋ። አሮጌው ሥራ ሲውጥ ያጉረመርም ነበር። ክርር፣ ክርር፣ ከዚያ ጠቅ። ጠቅ ሲል ትነሻለሽ።»

ልጅቷ ሳቀች፣ ግን ገባት። አሥራ ሰባቱን ሥዕል ጠርጋ ሦስት ቁልፍ አስቀረች፦ ክፈት፣ አስቀምጥ፣ ላክ። የቀረው ድምፁ ነው። ሟቹን ማን ያናግረዋል? አክስቷን ድምፁን በአፏ እንድታሰማ አደረገቻትና ስልኳ ላይ መቅዳት ጀመረች።

«ክርርር… ክርርር… ጠቅ።»

«ኧረ እንደሱ አይደለም!» አለች የሹራብ ቁልፍ ተካዪዋ ከወዲያ። «እንደ አሮጊት ሳል ነበር። ኽርርር!»

«አንቺ ደግሞ የባልሽን ማንኮራፋት ነው የምታሰሚው!» አለች ሹራብ ተኳሿ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሥራ ቆመ፤ ሁሉም በየአፉ አጉረመረመ። በመጨረሻ የእትዬ ክር ተመረጠ። ከዚያ ወዲያ አስቀምጥ ሲሉት ላፕቶፑ በራሷ ድምፅ ያጉረመርማል። እሷም አርማውን፣ ክፍት መጽሐፍና ከላዩ ፀሐይ፣ በአንድ መቀመጫ ጨረሰችው።

ዓርብ አባ ቶሎ እሜቴ ሽቶን አስከትሎ መጣ። ሦስቱን ቁልፍ አየ፤ ፊቱ በራ።

«ይሄማ ለማንም ይሆናል! አዲስ ፕሮግራም ምን ያደርግልናል? ነይ፣ ሞክሪው እስቲ።»

ከአክስቷ አጠገብ የቆመችው ልጅ ደነገጠች። ለአክስቷ ብላ ያቀለለችው ሥራ ወንበሩንም ለሌላ ሰው እንዳቀለለው ያኔ ታያት። እትዬ ክር ተነሥታ ቦታ ለቀቀች።

እሜቴ ሽቶ «ክፈት»ን ተጫነች፤ አርማው ወጣ። «ይሄ ፀሐይ ነው እንቁላል? ምነው ወደ ላይ ተሳበ!» አለችና ድቡልቡል አድርጋ አስተካከለችው። አስቀመጠች። ላፕቶፑ ሲያጉረመርም ከወንበሩ ብድግ አለች። ከዚያ «ላክ»።

ማሽኑ ሠራ፣ ሠራ፣ ጨርቁን አወጣ። አባ ቶሎ አንሥቶ ዘረጋው። ፀሐዩ ሰው የተቀመጠበት ዳቦ መስሏል። ሹራብ ሲሠራ ወደ ጎን ይሰፋል፣ ቁመቱ ያጥራል፤ ስለዚህ ድቡልቡል የሚፈልግ እንቁላል ነው የሚሥለው። ምን ያህል እንቁላል እንደሆነ የምታውቀው የእትዬ ክር ዓይን ናት።

«አይተሽ ዝም አልሽ?» አላት አባ ቶሎ።

«ከሦስቱ ቁልፍ በአንዱ ላይ ተጽፎ ያገኙታል ብዬ ነዋ፣ ጌታዬ።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን ወደ ሹራባቸው ደበቁ። አባ ቶሎ ጨርቁን አጣጠፈ፣ እንደገና ዘረጋ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ። «በይ ተቀመጪ እትዬ። ቶሎ በይ፣ ሰዓት የለንም።» እሜቴ ሽቶ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤ ሽታዋ ግን እስከ ምሳ ሰዓት አልወጣም።

እትዬ ክር ፀሐዩን መልሳ ስትስብ የእህቷ ልጅ ጎንበስ አለች።

«አክስቴ፣ ይህን መሳቡን እኮ በራሱ የሚሠራ አራተኛ ቁልፍ ልጨምርልሽ እችላለሁ።»

«ትችያለሽ?»

«በአንድ ቀን።»

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አለቻት፣ ዓይኗን ከፀሐዩ ሳታነሣ። «አትሥሪው።»